በሁዳዴ የተረጎምኩት ፊልም

የካቲት 19

ጾሙ ገባና ፊልም ቤቴ ጭር አለ። ሰቆጣ ውስጥ በሁዳዴ ፊልም ቤት መታየት ያሳፍራል። ባጃጅ ነጂዎቹና ፍየል ሸጠው የአበርገሌ መኪና ያመለጣቸው ሰዎች ባይኖሩ ዘግቼ እተኛ ነበር። የሚያናድደው ደግሞ ዘንድሮ ካገኘኋቸው ፊልሞች ሁሉ የሚበልጠው አሁን መምጣቱ ነው።

የወልድያ አውቶቡስ ረዳት በፍላሽ አመጣልኝ። ንግግሩ ስፓኒሽ ይመስለኛል። እኔ ከሥር የሚሮጠውን እንግሊዝኛ እያነበብኩ፣ ማይኬን ይዤ ወደ አማርኛ፣ የገጠር ሰው ሲበዛ ደግሞ ወደ ኽምጣኛ አወርደዋለሁ። አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይታገታል። አጋቹ ለእናትየዋ ይደውላል። አጋቹ ከቤቷ ፊት ለፊት ካለው ቤት ሆኖ በመስኮት እንደሚያያት እኛ እናውቃለን፣ እሷ አታውቅም። መጋረጃውን ልትዘጋ ትነሳለች፣ ስልኩ ይጮሃል፣ መጋረጃውን ትተወዋለች። ሦስቴ አይቼው ሦስቴም አልቦኛል።

የመጣው ሰው ጥቂት ቢሆንም አብዷል። "አንቺ ሴትዮ፣ መስኮቱን እዪ እንጂ!" እያለ ይጮሃል። አንዱ ወንበር ሰበረ። "ምስጌ፣ አንተ ንገራት!" አለኝ ሌላው፣ ማይኩን ስለያዝኩ የምትሰማኝ መስሎት። ድብድብ የለው፣ ተኩስ የለው፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ ብቻ። ዳይሬክተሩ አይቸኩልም፤ ብልሃቱ እሱ ነው። ወደ ኋላ ላይ የመኪና ሩጫ ሲያስገባ ያበላሸዋል እንጂ የመጀመሪያው ሰዓት እንከን የለውም።

ቤት ስገባ እማ "ካሳ ዛሬም አልደወለ?" አለችኝ። ታናሽ ወንድሜ ካሳ ጥምቀትን ከእኛ ጋር አክብሮ፣ ከጎረቤታችን ከእትዬ ደብሬ ልጅ ከመልአኩ ጋር ወደ ሳውዲ ብሎ ወጥቷል። ከጅቡቲ ዳርቻ አንዴ ደውሎ "ነገ ባሕሩን እንሻገራለን" ካለ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። "እዚያ ኔትወርክ የለም" አልኳት። አመነችኝ። ኔትወርክን የምትጠረጥር እናት ሰቆጣ ውስጥ የለችም።

የካቲት 25

ደወሉ። ካሳን አጋቾች ይዘውታል። የመን ነው። ኋላ እጽፋለሁ።

የካቲት 26

አሁን ልጻፈው።

ያናገረኝ ሰው አማርኛው የጠራ ነው። የእኛው አገር ሰው ነው። ከሁሉ ይህ አመመኝ። ለማስለቀቂያ ስንት ብር እንደጠየቀ እዚህ አላሰፍረውም። መልአኩም አብሮ ተይዟል።

እኔም እንደ ጀግና ሆንኩ። ፊልሙ ላይ እናትየዋ "ድምፁን ካላሰማችሁኝ ምንም አልልክም" ብላ ትፎክራለች፤ ያቺ ቦታ ላይ ሰዉ ሁሌም ያጨበጭባል። እኔም ያንኑ አልኩ። ቃል በቃል፣ ማታ ማታ በማይክ የምለውን። "እሺ" አለ ሰውዬው። አሰሙኝ።

ፊልሙ ላይ ልጁ ረጋ ብሎ "ደህና ነኝ እማዬ" ይላል። ካሳ እንዲህ አላለም። "እማ! እማ!" ብሎ ጮኸ፤ እኔን አልጠራም። ስልኩ ተዘጋ። አንድ ነገር አድርገውት እንደጮኸ አውቃለሁ። ያደረጉትም እኔ አሰሙኝ ስላልኩ ነው። ከፊልም ብልሃት የሚበደር ሞኝ ከእኔ ሌላ የት ይገኛል?

የካቲት 29

ወሰንኩ። እማ አትሰማም። አባቴ የሞተ ጊዜ ዓመት ሙሉ ራሷን ስትስት ከርማለች፤ ይህን አትችለውም። ፊልም ቤቱን ከነዕቃው ለሀይሉ ልሸጥለት ተስማማን። ሀይሉ ብረታ ብረት ይሸጣል፣ ቤቱን ለመጋዘን ድሮም ይመኘው ነበር። ጎረቤቱን ሁሉ እየዞርኩ ነገርኩ፣ "እማ ብቻ እንዳትሰማ" ብዬ ለመንኩ። ሁሉም ማለልኝ። የቻለ ጥቂት ጥቂት አዋጣ።

እማ ገበያ ወጥታ ተመለሰች፤ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ሰቆጣ ወሬኛ ነው የሚሉት ውሸታቸውን ነው።

መጋቢት 14፣ ደብረ ዘይት

ዛሬ ዋሸሁ። እማ ከቅዳሴ ስትመለስ ፊቷ ገርጥቷል፣ ጾሙ ጎድቷታል። "ካሳ ደወለ" አልኳት። ዝም ብሎ ከአፌ ወጣ። እዚያው በሩ ላይ ተቀመጠች።

"ምን አለ?"

"ወገቧን እንዴት አደረጋት አለ። ጾሙ እንዳይጎዳት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳትቆይ በላት አለ።"

"ምን ሥራ አገኘ?"

"በግ ይጠብቃል። አሠሪው ደግ ነው።"

ሳቀች። "በግ መጠበቅ ጠልቶ ሄዶ በግ ጠባቂ ሆነ?" አለች። እማ የምታወራኝ በኽምጣኛ ነው፣ እዚህ ደብተር ውስጥ ነው አማርኛ የምትሆነው። ሳቋን ግን አልተረጎምኩትም። ከጥምቀት ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማሁም። ምሳዋን በላች።

ሥራዬ መተርጎም ነው። ያልተባለ ነገር ተርጉሜ ግን አላውቅም ነበር።

መጋቢት 18

ሰውዬው ደወለ። "ካሳን አገናኘኝ" አልኩት። "ተኝቷል" አለኝ። በጠራራ ፀሐይ! "ቀስቅሰው" አልኩ። "ታሟል፣ አይነሳም፤ አንተ ገንዘቡን ላክ" ብሎ ዘጋው። እንደ ባለፈው ድምፁን አሰማኝ ብዬ አላስጨነቅኩትም። ይተኛ። መተኛቱም ጥሩ ነው።

መጋቢት 21

እማ ዛሬ ቅዳሴ ቀረች። እሑድን! "ያለፈው እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ ነው የደወለው፤ ዛሬ ጠብቄ ላናግረው" ብላ ነጠላዋን ለብሳ ስልኬ አጠገብ ተቀመጠች። ከጠዋት እስከ ቀትር። እኔም ከእሷ ጋር። ስልኩ ሲጮህ ሁለታችንም ዘለልን፤ የወልድያው ረዳት ነበር፣ አዲስ ፊልም አለ ሊለኝ።

እዚህ ላይ ፊልሙን እወቅሰዋለሁ። እዚያ ስልኩ በሰዓቱ ይጮሃል። በሁለት ጥሪ መሀል ያለውን ቀን ዳይሬክተሩ ቆርጦ ጥሎታል። ጭንቀቱ ያለው ግን የተጣለው ውስጥ ነው። እናቴ ስልክ እያየች የተቀመጠችበትን አንድ ጠዋት ቢያሳይ ኖሮ የትኛው ተመልካች ችሎ ይቀመጥ ነበር? ሰው ወጥቶ ይሄድበታል፤ ለዚህ ነው የማያሳዩት።

"ቅዳሴሽን አትተይ፤ ደውሎ ካጣሽ እኔ አለሁ" አልኳት። አፈርኩ።

መጋቢት 24

የእትዬ ደብሬ ልጅ ተገኘ! መልአኩ አምልጦ ከአንድ ሆስፒታል ደውሎላቸዋል። ጩኸት ሰምቼ ሮጬ ስሄድ እትዬ ደብሬ መሬት ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ፣ ሴቶቹ ከበዋቸዋል። እኔን ሲያዩ ሁሉም ጸጥ አሉ።

"እንኳን ደስ አለዎት" አልኳቸው።

"እግዜር ይመስገን" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

"ስለ ካሳስ? አብረው አልነበሩም?"

"መስመሩ ተቆረጠብን ልጄ። ሳይነግረኝ ተቆረጠ።"

ልጇ የተገኘላት እናት እንዲህ ታለቅሳለች? ደስታም ያስለቅሳል መሰለኝ። እውነቱን ልጻፍና ቀናሁ። የኔው ለምን አላመለጠም አልኩ። ደስታቸውን ከእኔ የደበቁት ቅናቴን አይተውብኝ ይሆናል። ክፉ ሰው ነኝ።

መጋቢት 27

ሀይሉ ሊያሳብደኝ ነው። ውሉን ዛሬ ልንፈርም ነበር። "ከበዓል በኋላ ይሁን" ይላል።

"ሀይሉ፣ ወንድሜ እጃቸው ላይ ነው፤ የምን በዓል ነው?"

"አትቸኩል ምስጌ። ቤቱ እንጀራህ ነው። ከበዓል በኋላም ልሽጥ ካልክ የዚያኔ እገዛዋለሁ።" ዓይኔን አያየኝም።

ገባኝ። ጨንቆኛልና ዋጋውን ሊያወርድ ነው። አብረን ያደግን ሰው! ተሳድቤ ወጣሁ። 

መጋቢት 30

ሰው ሰለቸው መሰለኝ። በፊት በሄድኩበት "ወሬ አለ?" እያለ የሚያቆመኝ ሁሉ አሁን አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። መዋጮውም ቆመ። አልፈርድም፣ የሁሉም ቤት የራሱ ጣጣ አለበት።

የነፍስ አባታችን ቄስ ትእዛዙ ብቻ አልተዉኝም። ዛሬ መንገድ ላይ አገኙኝና ጋዝጊብላ ያሉትን የዘመዶቻችንን ስም፣ ከቆቦ ወዲያስ ማን አላችሁ፣ ስልካቸውስ እያሉ ጠየቁኝ። ለመዋጮው እንደሆነ ስለገባኝ ያለኝን ሁሉ ሰጠኋቸው። ከዚያ ትከሻዬን ይዘው "አንተ ታላቅ ነህ፤ ለጸሎተ ሐሙስ ንስሐ ግባና ቁረብ፣ ኃይል ይሆንሃል" አሉኝ። ኃይል ለምኔ ነው? እኔ የሚያስፈልገኝ ሀይሉ ነው አልኩና በራሴ ቀልድ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ሰውዬው ከ"ተኝቷል" ወዲህ አልደወለም።

ሚያዝያ 2

ከሕማማት በፊት የመጨረሻው ሌሊቴ ስለሆነ ያንን ፊልም አሳየሁ። ማንም አልጠየቀኝም። እንዲያውም አንድ ባጃጅ ነጂ "ምስጌ፣ ሌላ አድርግልን፤ የሚያስቅ የለህም?" አለኝ። እምቢ አልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ሌላ ሰው ሲጨነቅ ማየት ፈልጌ ይሆናል።

የገረመኝ፣ ቤቱ ሞልቷል። በሁዳዴ! ግን "መስኮቱን እዪ" ብሎ የሚጮህ አንድ ሰው ጠፋ። መጋረጃው ጋ ስንደርስ ሳል እንኳ የለም። አጋቹን ሳይሆን እኔን የሚያዩ መሰለኝ።

መጨረሻው ላይ እናትየዋ ቤቱን አግኝታ ትገባለች። ልጁ አልጋ ላይ ተጋድሟል። ሞቷል። ከሥር ያለው እንግሊዝኛ እንደዚያ ነው የሚለው፣ እስከዛሬም እንደዚያ ነው የተረጎምኩት። ዛሬ አፌ አልታዘዝ አለኝ። "ተኝቷል" አልኩ በማይኩ። "በጣም ደክሞት ተኝቷል፤ እናቱ አትቀስቅሱት ብላ ነው የምታለቅሰው።"

ይህን ፊልም አሥር ጊዜ ያዩ ሰዎች ናቸው። ሌላ ቀን ቢሆን በፉጨት ያስወጡኝ ነበር። ማንም አላፏጨም። ከኋላ አንዱ "ነፍስ ይ..." ብሎ ሲጀምር ጎረቤቱ በክርኑ ጎሸመው። መብራቱን ሳበራ ወጣት ወንዶች ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እንዲህ አሳምኜ ተርጉሜ አላውቅም። ሲወጡ አንድ ባንድ ጨበጡኝ።

ሚያዝያ 7

ፊልም ቤቱ ተዘግቷል። አክስቴ የትናየት ከጋዝጊብላ በእግሯ መጣች። በፋሲካ ከቤቷ ወጥታ የማታውቅ ሴት! "እህቴ ናፈቀችኝ፤ በዓልን እዚህ ልዋል" አለች። እማ በደስታ የምታደርገው ጠፋት። አክስቴ ግን ስልኬን ሳወጣ ታፈጥብኛለች፣ እማ ስታወራ ትከሻዋን ትዳብሳለች። አረጀች መሰለኝ።

እትዬ ደብሬም ባቄላና ስንዴ አስለቅመው፣ ውኃ በጀሪካን አስቀድተው "ለበዓል" ብለው ጓሯችን አኖሩ። አልቀናሁም። አመሰገንኳቸው።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

እማ በዚህ ቀን ቅር ብሏት እንዳትውል ፈራሁ። ከሌሊቱ ቅዳሴ ስትመለስ "ካሳ ደወለ" አልኳት። "እንኳን አደረሰሽ፣ ለሚመጣው ፋሲካ አብረን ነን፣ ዶሮውን ሳልቀምስ እንዳትጨርሱት" ብሏል አልኳት። እግሬን ሳመች። የኔን እግር! "አንተ ባትኖር ድምፁን ማን ያመጣልኝ ነበር?" አለች።

ምሳ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ነው። ቄስ ትእዛዙ ባርከው ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ስናነሳ እማ ተነስታ "ልጄ ደወለልኝ! ካሳ ዛሬ ሌሊት እንኳን አደረሰሽ ብሎኛል!" አለች። የጉርሻ እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ። ሀይሉ የያዘውን መልሶ ወጡ ውስጥ ጣለው። እትዬ ደብሬ ተነስተው ወጡ፣ አክስቴ ተከተለቻቸው። ቄሱ እኔን አዩኝ፤ ረዥም አየት አደረጉኝ። ስለ ውሸቴ የፈረዱብኝ መሰለኝና አቀረቀርኩ።

እማ አንድም አላየች። "ብሉ እንጂ፣ ብሉልኝ" ትላለች።

ሚያዝያ 13

ስልኩ ዝም። ሀይሉ ጋ ነገ እሄዳለሁ፤ በዓሉ አለፈ፣ ምክንያት የለውም።

ሚያዝያ 16

ትናንት ነው። እንዳለ እጽፈዋለሁ።

ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ግቢው በሰው ሞልቷል። ቄስ ትእዛዙ፣ ሀይሉ፣ ከጋዝጊብላ የመጡ ዘመዶቻችን፣ የቆቦዎቹም ጭምር። ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አክስቴ ከውስጥ ለብሳ ተነስታ ቆማለች። በእንደዚህ ያለ ሰዓት፣ በእንደዚህ ያለ ብዛት የሚመጣ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስንቱን ቤት እኔም አብሬ ሄጄ አንኳኩቻለሁ። እንግዲህ የኛ ነበር።

መልአኩ ያን ቀን የነገራቸው ይህን ነበር። እትዬ ደብሬ መሬት ላይ ተቀምጠው ያለቀሱት ለኛ ነው። "ተኝቷል" ሲሉኝ ካሳ ከተቀበረ ሰንብቷል። ከተማው ጾሙን ጾሞ እንዲፈታ፣ በዓሉን እንድናሳልፍ፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ ብሎ መርዶውን ይዞ ከረመ። ከእማ እንዲደብቁ የለመንኳቸው እኔ፣ ከእኔም ይደብቃሉ ብዬ አላሰብኩም። ሀይሉ ቤቴን በከንቱ እንዳልሸጥ ነው ያዘገየኝ። እኔ ሰደብኩት።

ቄስ ትእዛዙ እማን አስቀመጧት። "ሸጌ፣ ሁላችን መንገደኞች ነን። ካሳ ቀደመን" አሉ። ሴቶቹ ሊጮሁ ትንፋሻቸውን ሳቡ።

እማ አልጮኸችም። ፈገግ አለች፤ የተሳሳተ ሰውን እንደሚያርሙት ዓይነት። "የለም አባ፣ ተሳስተዋል። የሌላ ሰው ይሆናል፣ ምስኪን፣ እናቱን ያጽናት። ካሳ ለፋሲካ ደውሏል። ምሳ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ነግሬዎት የለ?" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ፣ ንገራቸው እንጂ። ለምን ዝም ትላለህ? ሰዎቹ ከሌሊት ተነስተው መጥተዋል፤ ነግረሃቸው ይሂዱ።"

የወንድሜን ሞት ከሰማሁ ገና የውኃ መጠጫ ያህል ጊዜ አላለፈም። ሁሉም ሰው ያየኛል።  ቄሱ ቢሉት አታምንም። እኔ ነበርኩ ማለት ያለብኝ።

"አልደወለም እማ።"

"ለፋሲካ..."

"ለፋሲካም አልደወለም። ለደብረ ዘይትም።"

"ታዲያ እንኳን አደረሰሽ ያለኝ ማነው?"

"እኔ ነኝ" አልኳት በኽምጣኛ።

ሴቶቹ የዚያን ጊዜ ጮኹ። እማ ግን እኔን እያየች ነው የወደቀችው።

ሚያዝያ 17፣ ሣልስት

ሬሳ የሌለው ለቅሶ ከባድ ነው። ሰው ወዴት ዞሮ እንደሚያለቅስ አያውቅም። የካሳን ጃኬት ወንበር ላይ አደረጉት። ሀይሉ ድንኳኑን ተክሎ እንግዳ ያስተናግዳል፤ ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር "ተው" ብሎ ውኃ ሰጠኝ። ድምፁን አሰሙኝ ያልኩ ቀን ምን እንዳደረጉት መልአኩን ደውዬ መጠየቅ እችላለሁ። ፈራሁ፣ አልጠይቀውም።

እማ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አላናገረችኝም። ዛሬ ግን አልቃሾቹ ሲደክሙ ራሷ ተነሳች። እንደ አገሩ ወግ ሟች ያለውን እያነሱ ነው የሚያለቅሱት። ደረቷን እየመታች በኽምጣኛ ጀመረች። "ወገብሽን እንዴት አደረገሽ ያልከኝ" አለች። "ጾሙ እንዳይጎዳሽ ያልከኝ፣ ዶሮውን ሳልቀምስ እንዳትጨርሱት ያልከኝ ልጄ" አለች። ለቀስተኛው በእንባ ታጠበ። ሁሉም የእኔ ቃል ነው። የማን እንደሆነ እሷም ታውቃለች፤ ከትናንት ወዲያ በሰው ሁሉ ፊት ነግሬያታለሁ። ለካሳ ሰጠችው። እኔም አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩበት።

ሰዉ ወጥቶ ሲያልቅ ከፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ቢደውል ኖሮ" አለችኝ፣ "ሌላስ ምን ይለኝ ነበር?"

ነገርኳት።